ነጠላ የለበሰው ሬዲዮ

መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። የብረቱ በር ተከፍቶ ስንገባ ገና ዓይናችን ጨለማውን ሳይለምድ የማዳበሪያ ሽታ አፍንጫችን ውስጥ ገባ። ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ ወደ አማኑኤል በሚወስደው መንገድ በኩል ያለ አሮጌ መጋዘን ነበር። ማዳበሪያው ከተነሣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከሲሚንቶው ወለል አልለቀቀም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው። ከፍ ብለው የተቆረጡ ሁለት መስኮቶች አሉ፤ የሚያሳዩት ሰማይ ብቻ ነው። ከእኛ በፊት የገቡት እስረኞች ምንም ሳይናገሩ እግራቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልን። እስር ቤት ውስጥ «ኖር» የሚባለው እንደዚያ መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ።

ስምንት ነበርን። የያዙን ከለቅሶ ድንኳን ነው። ወቅቱ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በአዋጅ የተከለከለበት ጊዜ ነበር፤ ለቅሶ ግን ስብሰባ መሆኑን አንዳችንም አላሰብንም። ቀበቶና የጫማ ክር ወሰዱብን፤ ጋቢያችንን ተዉልን። በር ላይ የተቀመጠው መዝጋቢ ከድንኳኑ የመጣውን ዕቃ አንድ በአንድ ጻፈ። ሬዲዮው ላይ ሲደርስ «አንድ ሬዲዮ» ብሎ ጻፈና ቀና ብሎ አየው። ትንሽ አሰበና ጨመረበት፤ «ነጠላ የለበሰ።» ያን ሰው እስከ ዛሬ በክፉ አላስበውም። ያየውን ነው የጻፈው።

ሬዲዮው ነጠላ የለበሰበትን ምክንያት ለመርማሪው በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም ነበር፤ እዚህ ልሞክር።

እኔ ሬዲዮ ሠሪ ነኝ። ሱቄ ከገበያው ዝቅ ብሎ ነው፤ ስፋቱ እኔን፣ አንድ ጠረጴዛና የሰው ሬዲዮ ብቻ ይይዛል። ያለቀስንለትን ሰው አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። እሑድ እሑድ ከጧቱ ሦስት ሰዓት፣ ሰው ከቅዳሴ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ በሬዲዮ የሚመጣ ሰው ነበር። «ሰማዩ እንዴት አደረላችሁ?» ብሎ ይጀምራል። የገበሬ ደብዳቤ ያነባል፤ ስለ ከብት በሽታ ሐኪም ጠይቆ መልሱን ያመጣል፤ አንዳንዴም ሐኪሙን ይቆጣዋል። ሰው የሚወደው ግን ለመጨረሻዋ ነገር ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «እኔ ብዙ አወራሁ፤ እንግዲህ ተራው የናንተ ነው» ይልና ዝም ይላል። ዘፈን የለም፤ ማስታወቂያ የለም። አንድ «አባታችን ሆይ» ተረጋግቶ የሚደገምበት ያህል ዝም ብሎ ይቆይና «ሰምቻለሁ፤ ደኅና ሁኑ» ብሎ ይሄዳል።

ሰዉ በዚያች ዝምታ ለሬዲዮው ይናገራል። ላሟ የወለደችለት ይነግረዋል፤ ልጁን ደጀን የዳረ ይነግረዋል፤ ከጎረቤቱ የተጣላም ይከስበታል። እኔ አልናገርም ነበር። ሬዲዮ ከፍቼ የምውል ሰው ነኝ፤ ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለሁ።

ከስምንታችን ትልቁን ሽማግሌ ያወቅኋቸውም በዚሁ ዝምታ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቅዳሜ፣ ከአምበር በኩል ለገበያ መጥተው፣ ሬዲዮአቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት።

«ማለፊያ ሬዲዮ ነበር» አሉኝ፤ «ምን እንዳገኘው እንጃ፣ እሑድ እሑድ ሊያልቅ ሲል ድምፁ ይጠፋል።»

ከፈትኩት። አቧራውን እፍ አልኩ፤ ብየዳውን አየሁ፤ የባትሪ ድንጋዩን ቀየርኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሰው መጡ፤ ያው ነው አሉ። በዚያው ወር እንዲህ ያለ በሽታ ያለበት ሬዲዮ ከተለያየ አገር ሲመጣልኝ የእሳቸው አራተኛው ነበር። ነገሩ የገባኝ እሑድ ቁጭ ብዬ ስሰማ ነው።

«አባቴ፣ ሬዲዮዎ ጤነኛ ነው» አልኳቸው። «ዝም የሚለው ሰውየው ነው።»

«ምን ሆኖ?»

«እርስዎ እንዲናገሩ።»

ራሳቸውን ያዙ። «ወይ ጉድ! ጆሮውን ሰጥቶ ሲጠብቀኝ ኖሯላ! እኔ ደግሞ እዚያ በጥፊ ሳጮለው!»

ከዚያ ወዲህ አንድ እሑድ እንኳ ሳይናገሩ እንደማያልፉ ገበያ በመጡ ቁጥር ይነግሩኝ ነበር።

ሰውየው የሞተ ጊዜ፣ እሑድ በሦስት ሰዓት በድምፁ ፈንታ ዋሽንት መጣ። ቀጥሎ አንዲት ሴት የሞቱን ዜና አነበበች። የተቀበረው አዲስ አበባ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ወደ ሱቄ መምጣት ጀመሩ። ለምን እንደመጡ መጀመሪያ አልገባኝም። ለካ ለቅሶ የሚደርሱበት ቤት ጠፍቷቸው ነው። ሰው ሲሞት የሚኬድበት ደጅ አለ፤ ለዚህ ሰው ግን በእኛ አገር ደጅ አልነበረውም፤ የሬዲዮ ሠሪ ሱቅ ይሻላል ብለው ነው። በማግሥቱ የሰፈሩ እድር ድንኳኑን ሰጠን። ሬሳ በሌለበት የሟችን ልብስ ወይም ፎቶ አኑሮ ማልቀስ የቆየ ወጋችን ነው፤ የእሱን ፎቶ ግን የያዘ አልተገኘም። አንዲት ሴትዮ «ታዲያ ምን አስቀምጠን እናልቅስ?» ስትል ከመደርደሪያዬ አንዱን ሬዲዮ አንሥቼ ወንበር ላይ አኖርኩት። እሷ ነጠላዋን አውልቃ አለበሰችው። አለቀሱ፤ እኔም ቆሜ አየሁ። ሽማግሌው በጭነት መኪና ከአምበር መጥተው ሬዲዮው ፊት ቆመው ሲያለቅሱ ነው ፖሊሶቹ የደረሱት።

በሁለተኛው ቀን ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ጉንፋን ይዞት በሶፍት አፍንጫውን ይጠርጋል። አልጮኸብኝም፤ ወንበርም ሰጠኝ።

«ሟቹ ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

«ታውቀው ነበር?»

«ድምፁን።»

ጻፈ። «ስለዚህ ሬሳ የለም፤ ዘመድ የለም፤ ፎቶ የለም። ድንኳን አለ፤ ሰው አለ፤ ሬዲዮ አለ።»

እንደዚህ ተደርድሮ ሲነገር ለራሴም አጠራጠረኝ።

«ሬዲዮው የሚያስተላልፈው ለማን ነው?»

«ይቀበላል እንጂ አያስተላልፍም።»

«በዝምታው ጊዜ ለሬዲዮው ትናገሩ እንደነበር ግን ሌሎቹ አምነዋል። አንተ ምን ትናገር ነበር?»

«እኔ አልናገርም።»

«ለምን?»

«ማንም እንደማይሰማ አውቃለሁ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አትቀየመኝ» አለና ወደ መጋዘኑ መለሰኝ።

መጋዘን ውስጥ ሽማግሌው ከእኔ ቀጥለው ነበር የሚተኙት። ጧት ጧት ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ከመስኮቱ ሥር ይቆሙና አንገታቸውን አቅንተው ሰማዩን ያያሉ። ወሩ ኅዳር ነው። ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት በነበሩት ቀናት ጤፋቸውን አጭደው ጨርሰዋል፤ ሳይከምሩት ነው መርዶው የደረሳቸው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው፤ ቤት ያሉት ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። ታጭዶ መሬት ላይ የተኛ ጤፍ ዝናብ ከመታው እዚያው ያቆጠቁጣል። ይህን ያስረዱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሥር ቆመው ሲያዩ ሁላችንም አብረን እናይ ጀመር። ማክሰኞ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነጭ ደመና አለፈ። ሐሙስ ጧት ደመናው ቆመ።

ሐሙስ ዕለት ስምንታችንን ወደ ግቢው አወጡን። ከጨለማ ስለወጣን ብርሃኑ ዓይናችንን አስለቀሰን። መርማሪው ጠረጴዛ አስወጥቶ አንድ ወረቀት አስቀምጧል።

«ዛሬ ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ» አለ። «ይህን መፈረም ብቻ ነው። ታዲያ ስምንታችሁም ናችሁ፤ አንድ ሰው ከቀረ ሁላችሁም ትቆያላችሁ።» ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተ ጀምር።»

አነበብኩት። አጭር ነው። የተደረገው ለቅሶ እውነተኛ ለቅሶ ሳይሆን ያለ ፈቃድ ለመሰብሰብ ታስቦ የተዘጋጀ ሽፋን መሆኑን አምነናል ይላል። አንዴ አነበብኩት፤ ሁለተኛ ላለማንበብ ብዬ እስክሪብቶውን አነሣሁ። ስለ ሱቄ አሰብኩ፤ ስለ ንጹሕ አየር አሰብኩ። ስለ ሽማግሌውም ጤፍ አስቤ ነበር ብል ውሸት አይሆንም፤ ግን ዋናው እሱ አልነበረም። የራሴን ስም ጽፌ የአባቴን ልጀምር ስል ሽማግሌው ከኋላዬ ተናገሩ።

«ልጄ፣ እስቲ አንብብልኝ። አውራ ጣቴን ምን ላይ እንደማሳርፍ ልወቀው።»

ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ድገመው።»

ደገምኩት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ከበደኝ።

«እንግዲህ አላለቀስኩም ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው አባቴ።»

ወደ መርማሪው ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔኮ አልቅሻለሁ። ስትይዙኝ ፊቴ አልደረቀም ነበር።»

«አባባ፣ ይሄ ፎርማሊቲ ነው» አለ መርማሪው።

«ከአምበር በጭነት መኪና ተንጠልጥዬ የመጣሁት ለፎርማሊቲ አይደለም።»

ከመካከላችን አንድ የባትሪ ድንጋይ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሙስሊም ነው፤ ለቅሶውን ሊደርስ መጥቶ ከእኛ ጋር የተያዘ። የሽማግሌውን ጋቢ ያዝ አደረገና ዝቅ ባለ ድምፅ «አባባ፣ ወረቀት ነው እኮ፤ እንፈርምና እንሂድ። ጤፍዎን ያስቡ። ልባችንን አላህ ያውቀዋል» አላቸው። ከልቡ ነበር የመከራቸው።

«ያንተም አላህ የእኔም እግዜር ያውቁታል» አሉት። «ነገ የሚያነበው ሰው ግን አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሰውየው ሜዳ ላይ ሞቶ ያለቀሰለት የለም፣ ያለቀሱትም ሲያስመስሉ ነው ተብሎ ይቀመጥ?» ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «ሳናስፈቅድ አልቅሰናል ብለህ ጻፍ። ጥፋታችን እሱ ነው። እሱ ላይ አሳርፋለሁ።»

መርማሪው አፍንጫውን ጠረገ። «እንዲህ የሚባል ጥፋት የለም» አለ።

«እንግዲያማ ምን አድርገን ታሰርን?»

ይህን ሲጠይቁ ነገር ሊያሸንፉ አልነበረም፤ በእርግጥ ሊያውቁ ፈልገው ነው። እኔ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስተኛሁት። አፈርኩ፤ ሌላ ስም የለውም። ነጋዴው ወደ ሰማዩ አየ፤ ወደ በሩ አየ፤ ከዚያ «እንግዲህ ድንጋይ ሱቅ ውስጥ አይሻግትም» ብሎ ከሽማግሌው ጎን ቆመ። መርማሪው ግማሽ ስሜ ያለበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተና መልሰው እንዲያስገቡን አዘዘ።

ሁላችንም ጀግና ሆነን ገባን ብዬ አልዋሽም። አንዱ ጓደኛችን ሚስቱ አራስ ነበረች፤ እስከ ቅዳሜ ሽማግሌውን አላናገራቸውም። አልፈረድኩበትም። ሽማግሌውም ዳቦ ሲመጣላቸው ከሁሉ አስቀድመው ለእሱ ይቆርሱለታል፤ እሱም ሳያያቸው ይበላል።

እሑድ ጧት ደመናው ጥቁር ነበር። ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ከበሩ ውጪ ወንበር ሲጎተት ሰማን። የጥበቃው ወንበር ነው። ወፍራም፣ ጨዋታ የማይወድ፣ ለሽንት ስናስቸግረው የሚያጉረመርም ሰውዬ ነበር። ስልኩን ከበሩ በታች ባለው ክፍተት አጠገብ መሬት ላይ አኖረው።

«የመጨረሻውን ይደግሙታል አሉ» አለ። ለማን እንደተናገረ አይታወቅም።

ከዚያ ድምፁ መጣ። «ሰማዩ እንዴት አደረላችሁ?»

ስምንታችንም ወደ በሩ ተጠጋን። ሌሎቹም እስረኞች መጡ። ስለ ስንዴ ዋግ አወራ፤ ከአንዲት ባልቴት የመጣ ደብዳቤ አነበበ፤ በራሱ ቀልድ ራሱ ሳቀ። ሞቶ መሳቁ ለጆሮዬ እንግዳ ሆነብኝ። ሊጨርስ ሲል ቆርቆሮው ላይ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወደቁ፤ እንደ ተበተነ ሽንብራ አንድ ሁለት እያሉ መጡና ወዲያው ጣሪያው በሙሉ ጮኸ። ማንም ሽማግሌውን ማየት አልፈለገም።

«እኔ ብዙ አወራሁ» አለ ከመሬት፤ «እንግዲህ ተራው የናንተ ነው።»

ዝም አለ። ዝናቡ ብቻ ይሰማል። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡ። ጋቢያቸውን ከራሳቸው አወረዱ፤ ቆመው፣ ሰው ፊት እንደሚናገሩት አድርገው ተናገሩ።

«ሰማዩ ደኅና አላደረም። ጤፉ መሬት ላይ ነው። እኔ ግን ደኅና ነኝ። ለቅሶህንም አልካድኩም።»

ሚስቱ አራስ የሆነችው ጓደኛችን ተነሥቶ ክንዳቸውን ደገፈ፤ የልጁን መወለድ ነገረው። ነጋዴው በከንፈሩ ብቻ የሆነ ነገር አለ። ከበሩ ውጪ ጥበቃውም አጉረመረመ፤ ምን እንዳለ ግን ከዝናቡ የተነሣ አልሰማንም። ጊዜው እያለቀ ነበር። ማንም እንደማይሰማ አውቃለሁ፤ የሞተ ሰው ድምፅ ከስልክ እንደሚወጣም፣ እንዴት እንደሚወጣም አውቃለሁ። አጎንብሼ ወደ ክፍተቱ ተናገርኩ።

«ይቅር በለኝ። ግማሽ ስሜን ጽፌ ነበር።»

«ሰምቻለሁ» አለ። «ደኅና ሁኑ።»

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይዞ የመጣ የለም። ለምን እንደቀረ አላወቅንም፤ ጠይቀንም አናውቅም። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይተን አንድ ጧት በሩ ተከፍቶ ውጡ ተባልን። ቀበቶአችንን፣ የጫማ ክራችንን መለሱልን። ያ መዝጋቢ ሬዲዮዬን ከመደርደሪያ አወረደ፤ ነጠላው እንደለበሰ ነው፤ አቧራ ብቻ ጠጥቷል። የርክክብ ወረቀቱን ገፋልኝ። «አንድ ሬዲዮ፣ ነጠላ የለበሰ፣ ተረክቤአለሁ» ይላል። ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ጽፌ ፈረምኩ።

የሽማግሌውን ጤፍ ግማሹን ጎረቤት ከዝናቡ በፊት ከምሮላቸው ነበር። ግማሹ መሬት ላይ አቆጠቆጠ። ይህን የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አላነሡትም። ያን ዓመት በልቅት፣ ከሰው እህል ተበድረው፣ እንዳለፉት ግን አውቃለሁ፤ ይቆጩ እንደሆነ ለመጠየቅ አፌን ከፍቼ የዘጋሁባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ።

አሁን በእሑዱ ሰዓት ሌላ ሰው ገብቷል። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አፉ ይቸኩላል፤ ንግግሩ ሲያልቅ ዘፈን፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ሽማግሌው ወደ ሱቄ ጎራ አሉ። ምርኩዝ ይዘዋል። ያንኑ ሬዲዮ በዚያው ጨርቅ ጠቅልለው አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ምን ሆነ አባቴ?»

«አሁን ደግሞ ዝም አልል አለ» አሉኝ።

ፊታቸውን አየሁ፤ አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም። ከፈትኩት። አቧራውን እፍ አልኩ፤ ብየዳውን አየሁ፤ ድንጋዩን ቀየርኩ። ገጠምኩና የድምፁን መዞሪያ በጣታቸው አስይዤ ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩት። እኔም እሑድ እሑድ አራት ሰዓት ሊሆን ሲል ሱቄን ገርበብ አድርጌ እንደዚሁ ነው የማደርገው አልኳቸው።

«ከዚያ እስከ መቼ ልቆይ?»

«ተናግረው እስኪጨርሱ» አልኳቸው።

መዞሪያውን አንዴ ራሳቸው ሞከሩት። ከዚያ ሬዲዮውን በጨርቁ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ከተው ወደ አምበር መኪና ሄዱ።